ከሬጃይና በመኪና፦ ከአራት የሳስካችዋን ገጠር ከተሞች ለእናንተ የሚሆነው የቱ ነው?

እናቴ ከጨፌ ዶንሳ ካናዳ፣ የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ወደሆነችው ሬጃይና በመጣች በሦስተኛው ሳምንት፣ የቡና ስኒዋን ይዛ በመስኮት እያየች «ልጄ፣ እዚህ አገር ገበሬ የለም እንዴ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ያለችበት ከተማ ዙሪያውን በእርሻ የተከበበ ነው። ከቤታችን አሥራ አምስት ደቂቃ ብንነዳ ስንዴው፣ ምስሩና ካኖላ የሚባለው የዘይት እህል ሰማይ እስኪነካ ተዘርግቷል። ግን እውነቷን ነው፤ ሰው አይታይም። በዚያ በጋ ሁለቱን ልጆቼን ከኋላ ጭነን፣ ቅዳሜና እሑድ እየጠበቅን ገበሬ ፍለጋ ወጣን።

አራት ቦታ ሄድን፦ ግራቨልበርግ፣ ማኒቱ ቢች፣ ቫል ማሪ እና ኢስትኤንድ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ የመጣበት ወዳጅ ሁሉ «የት ልውሰዳቸው?» ብሎ ይደውልልኛል። እኔም መልሼ «ማንን ነው የምትወስደው?» እላለሁ። አራቱም ደህና ቦታዎች ናቸው፤ አንዱን የሚያስፈነድቀው ግን ሌላውን ያስተኛዋል። ተራራና ፏፏቴ የሚጠብቅ እንግዳ ከሆነማ ከነጭራሹ ወደ አልበርታ ይዛችሁት ሂዱ፤ እዚህ ያለው ሜዳ ነው።

ለቸኮለ ሰው ፍርዴ ይኸውና። በዕድሜ የገፋ ወላጅ ይዛችሁ ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ግራቨልበርግ። ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው ካለ ማኒቱ ቢች። ጎሽ፣ ኮከብና ዝምታ የሚወድ ከሆነና አንድ ሌሊት ማደር ከቻላችሁ ቫል ማሪ። በዳይኖሰር ያበደ ልጅ ካለ ደግሞ ኢስትኤንድ፤ በእሱ ላይ ግን የምለው አለኝ።

መሬቱ እንዴት እንደተቆረሰ

ይህን ሳታውቁ ከሄዳችሁ አራት ሰዓት ሙሉ «ምንም የለም» እያላችሁ ትነዳላችሁ። የካናዳ መንግሥት በ1872 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ባወጣው የመሬት ሕግ ሜዳውን እንደ ቼዝ ሰሌዳ ሸንሽኖታል። አንዱ ካሬ ማይል ሴክሽን ይባላል፤ 640 ኤከር ነው። የሴክሽን ሩብ ደግሞ ኳርተር ነው፤ 160 ኤከር። መጤው ገበሬ 10 ዶላር መዝገቢያ ከፍሎ አንድ ኳርተር ይወስዳል፤ ቤት ከሠራበትና ካረሰው የራሱ ይሆናል። በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ለእናቴ ስነግራት «በአሥር ብር ጋሻ መሬት!» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «መጀመሪያ የማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ደቡብ ሳስካችዋን የክሪ፣ የሶቶና የናኮዳ ሕዝቦች አገር ነበር። በ1874 ስምምነት ቁጥር 4 የሚባለው ውል ተፈረመ። ብዙም ሳይቆይ ኑሯቸው የተመሠረተበት ጎሽ ተጨፍጭፎ አለቀ፤ ሕዝቡም በረሃብ ወደ ተከለሉ ቦታዎች ተገፋ። ኳርተሩ የታደለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው የማይታየው ለምንድን ነው? አንድ ኳርተር ይዞ የሚኖር ገበሬ ዛሬ ስለሌለ ነው። በ2021 የእርሻ ቆጠራ የሳስካችዋን አማካይ እርሻ ከ1,700 ኤከር በላይ ሆኗል፤ ወደ 700 ሄክታር ማለት ነው። ትልቁ ትንሹን እየገዛ ሄደ፤ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፣ ት/ቤቶቹ ተዘጉ። በ1930ዎቹ ፕሬይሪ በሚባለው በዚህ የካናዳ ሜዳማ ምድር ከ5,000 በላይ የእንጨት ጎተራዎች በባቡር ሐዲዱ ዳር ተደርድረው ነበር። አዲስ አበቤ «ጎተራ» ሲባል ማሳለጫ መንገዱ ነው ትዝ የሚለው። እዚህ ግን ጎተራ ማለት ከሃያ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚታይ፣ የከተማው ስም በትልቁ የተጻፈበት የእህል ማማ ነበር። አብዛኞቹ ፈርሰዋል። የቆመ ካያችሁ መኪናችሁን አቁሙና እዩት።

አንድ ነገር ደግሞ ስትፈልጉ እንዳያምታታችሁ። ከተማውና በዙሪያው ያለው ገጠር ሁለት የተለያዩ አስተዳደሮች ናቸው። ገጠሩ አር ኤም ይባላል፤ ስምና ቁጥር አለው፣ ሪቭ የሚባል የተመረጠ ሰብሳቢም አለው። ሥራው በዋናነት የጠጠር መንገድ፣ ድልድይና የአረም ቁጥጥር ነው። ከተማው በመካከሉ እንደ ደሴት ይቀመጣል። ስለዚህ ግራቨልበርግ የሚባል ከተማ አለ፤ ግራቨልበርግ ቁጥር 104 የሚባል አር ኤምም አለ። ካቴድራሉ በከተማው ነው፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ እንደሆነ የምትጠይቁት ግን አር ኤሙን ነው። ይህን ልዩነት በገዛ ጎማዬ ነው የተማርኩት፤ እደርስበታለሁ።

ግራቨልበርግ፦ ወላጅ ለያዘ

ከሬጃይና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ነዋሪው አንድ ሺህ አካባቢ ቢሆን ነው። እንደ ሌሎቹ ከተሞች ከሩቅ የሚቀበላችሁ ጎተራ አይደለም፤ ሁለት የደወል ማማዎች ናቸው። አባ ሉዊ ፒየር ግራቬል የሚባሉ ቄስ በ1906 ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካቶሊኮችን እየሰበሰቡ ያቀኑት አገር ነው። ዛሬም ፈረንሳይኛ በመንገድ ላይ ይሰማል፤ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር ት/ቤትም አለ።

ካቴድራሉ በ1918 እና በ1919 ነው የተሠራው። ስሙ የእመቤታችን ፍልሰታ ነው። እኛ የሄድነው ደግሞ ነሐሴ ላይ፣ በጾመ ፍልሰታ! እናቴ ይህን ስትሰማ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። «እማ፣ እዚህ አይወለቅም» ብላት አልሰማችኝም፤ በካልሲ ገባች። ውስጡ ከግድግዳ እስከ ጣሪያ ሥዕል ነው። የደብሩ አለቃ የነበሩት ሞንሲኞር ሻርል ማያር ከ1921 እስከ 1931 ድረስ ለአሥር ዓመት በሸራ ላይ እየሳሉ የለጠፉት ነው። ለቅዱሳኑ መልክ ያዋሱት የከተማው ሰዎች ናቸው ይባላል።

እናቴ አንድ ሥዕል ፊት ቆማ ብዙ አየች፤ ከዚያ «ይሄ ጻድቅ ነው ወይስ ኃጥእ?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ጻድቅ እንደሆነ ነገርኳት። «ታዲያ ለምን በአንድ ዓይን ሳሉት?» በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ፣ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ነው። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ገብቼ ያላየሁትን በአምስት ደቂቃ አየችው። ከእናት ጋር ስትሄዱ የሚገኘው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ለዚህ ቦታ የምሰጠው ነጥብም ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው።

ቀሪው ግማሽ ከእርሻው ነው። ከአራቱ ቦታዎች የእኛን አዝመራ በብዛት ያየንበት ይህ ነው፤ የፓስታ ስንዴ፣ ምስር፣ ሰናፍጭ። ሰናፍጩ ላይ ልቆይ። ካናዳ ከዓለም ዋነኛ የሰናፍጭ ዘር ላኪዎች አንዷ ናት፤ አብዛኛው የሚበቅለው በሳስካችዋን ነው። በ2021 እዚህ ድርቅ መታ፤ በ2022 ፈረንሳይ ውስጥ ዲዦን የሚባለው ሰናፍጭ ከሱቅ መደርደሪያ ጠፋ። ስሙ የፈረንሳይ ከተማ፣ ዘሩ የሳስካችዋን ገበሬ! በግራቨልበርግ ስም የሚሸጥ የጠርሙስ ሰናፍጭም አለ፤ ለስጦታ ጥሩ ነው። በጥሬ ሥጋ ለመብላት ግን ለኛ አፍ ይለሰልሳል፤ የአያቴ ሰናፍጭ አፍንጫ ይነድል ነበር።

ጎመን ዘራችንም እዚህ ደርሷል። ፈረንጆቹ የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ብለው የሚጠሩት ራሱ የእኛው ጎመን ዘር ነው፤ ድርቅ ስለሚችል በደቡብ ሳስካችዋን ገበሬዎች ለነዳጅ ዘይት ዘርተውታል። በ2012 ኦታዋ ላይ አንድ ጄት መቶ በመቶ ከዚህ ዘር በተሠራ ነዳጅ በረረ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ምጣድ የምናስስበት?» አለች። አላመነችኝም፤ እስከ ዛሬም የምታምነኝ አይመስለኝም።

የግራቨልበርግ ጉድለት፦ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ልጆቼ ካቴድራሉ ውስጥ በአሥር ደቂቃ ሰለቻቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተማው ጭር ይላል፤ ቡና እንኳ ማግኘት ያስቸግራል። ካቴድራሉ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ሳትደውሉ አትሂዱ።

ማኒቱ ቢች፦ ለጉልበትና ለወገብ

ከሳስካቱን ከተማ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው፤ ከሬጃይና ሁለት ሰዓት ገደማ። ሊትል ማኒቱ የሚባል ረዥም ጠባብ ሐይቅ አለ፤ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፤ ማዕድኑ ተጠራቅሞ ጨው ሆኗል። ጀርባችሁን ብታሳርፉበት ያንሳፍፋል። እስራኤል ሄዳችሁ ሙት ባሕር የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያኛው ይብሳል፣ ይህኛው ግን እንዳትሰጥሙ ይበቃል። ማኒቱ ማለት በአገሬው ቋንቋ መንፈስ ማለት ነው። ፈንጣጣ የያዛቸው ሰዎች በዚህ ውኃ ተፈወሱ የሚል ታሪክ ከጥንት ይነገራል።

ሐይቁ ራሱ ይበርዳል። ለወላጅ የሚሆነው ከሐይቁ ተቀድቶ የሚሞቀው፣ በቤት ውስጥ ያለው ገንዳ ነው፤ እኛ ስንሄድ ይከፈልበት ነበር፤ ክፍት መሆኑን ሳትደውሉ አትሂዱ። ውኃው የመዳብ መልክ አለው። እናቴ መጀመሪያ በእጇ ጨለፍ አድርጋ አሸተተችው፣ ከዚያ በስመ አብ ብላ እስከ አንገቷ ገባች። ስንወጣ «ፍል ውኃ ነው እንጂ ጠበል አይደለም» ብላ ፈረደች፤ ግን በነጋታው ደግመን እንድንገባ ያደረገችው እሷ ናት። ጉልበቷ ቀለላት ወይ? ሁለት ቀን ያህል አዎ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባላችሁም።

ሁለት ምክር ብቻ። በሄዳችሁበት ቀን ጢማችሁን ወይም እግራችሁን አትላጩ፤ እንደ በርበሬ ነው የሚለበልበው። ልጆች ዓይናቸውን እንዳይነኩ ንገሯቸው፤ ትንሿ ልጄ ነክታ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ማታ ላይ ዳንስላንድ የሚባለውን አዳራሽ ግቡበት። በ1928 የተሠራ ነው፤ የእንጨት ወለሉ ከሥሩ የፈረስ ጭራ ተነጥፎበታል፣ ስትራመዱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እስክስታ ሞክረንበት እግር አያደክምም። መኪና ውስጥ ተቀምጠው ፊልም የሚያዩበት አሮጌው ሲኒማም እዚያው መንደር ነው።

እርሻ ለማየት ግን ከአራቱ ደካማው ይህ ነው። መንደሩ የእረፍት መንደር ነው፤ ገበሬውን የምታገኙት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ዋትረስ በሚባለው ከተማ ነው። በአካባቢው መሬት ሥር ያለው ሀብት ደግሞ ፖታሽ ነው፤ እኛ ዳሎል ላይ ስንት ዓመት «ሊወጣ ነው» ሲባል የሰማነው ማዳበሪያ፣ እዚህ በጥልቅ ጉድጓድ በየቀኑ ይወጣል።

ቫል ማሪ፦ ማደር ለሚችል

ከስዊፍት ከረንት ከተማ ወደ ደቡብ በአራት ቁጥር አውራ ጎዳና 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሬጃይና ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። ነዋሪው ከሁለት መቶ በታች ነው። መንደሩን ሰው የሚያውቀው በአጠገቡ ባለው የግራስላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይህ ፓርክ የተቋቋመው ሁሉም ሰው ካረሰው ሜዳ ሳይታረስ የቀረውን ቁራሽ ለማቆየት ነው። ስለዚህ ስትገቡ «ሣር ብቻ» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ሣሩ ነው ቁም ነገሩ።

በ2005 መጨረሻ 71 ጎሾች ከአልበርታ መጥተው እዚህ ተለቀቁ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ጎሽ አልነበረም። እኛ ስንሄድ አንድ ኮርማ መንገዱ መሐል ቆሞ ሃያ ደቂቃ አቆመን። ትልቁ ልጄ «ምንድን ነው?» ሲላት እናቴ «ጎሽ» አለችው፤ እሱ ደግሞ ያሞገሰችው መስሎት «ምን አደረግኩ?» አለ። መኪና ውስጥ ቆዩ፤ ከወጣችሁም ከ100 ሜትር በላይ ራቁ። መንገድ ዳር ደግሞ ፕሬይሪ ዶግ የሚባሉ፣ ሽኮኮ የሚያካክሉ እንስሳት ከጉድጓዳቸው ብቅ እያሉ ይጮሃሉ። በካናዳ ጥቁር ጭራ ያለው ፕሬይሪ ዶግ በዱር የሚኖረው በዚህ አካባቢ ብቻ ነው። ልጆቼ ከዳይኖሰሩ ይልቅ ዛሬም የሚያወሩት ስለ እነሱ ነው።

ፓርኩ በ2009 የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ቦታ ተብሏል፤ መብራት የለም ማለት ነው። ሬጃይና የተወለዱ ልጆቼ ፍኖተ ሐሊብን ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነው። እናቴ ግን ቀና ብላ አየችና «ይሄ እኮ የኛ ሰማይ ነው» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች። አዲስ ነገር አልሆነባትም።

ከባዱ ነገር ይኸው ነው፤ ለወላጅ ብዙ አይሰጥም። መንገዱ ረዥም ነው፣ ፀሐዩ መጠለያ የለውም፣ መጸዳጃው ሩቅ ነው፤ መርዘኛ እባብም ስላለ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ለሁለት ወጣቶች ወይም ልጅ ለያዘ ቤተሰብ ግን ከአራቱ አንደኛ እለዋለሁ። ነዳጅ ስዊፍት ከረንት ላይ ሞልታችሁ ውጡ። ስልካችሁም ይጠፋል፤ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ።

ኢስትኤንድ፦ አስቀድሞ ሬጃይናን ላየ

በ1991 እዚህ አካባቢ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከባለሙያዎች ጋር ሲዞር የቲራኖሳውረስ ሬክስ ጥርስና የጭራ አጥንት አገኘ። ስኮቲ ተባለ፤ ስሙ የመጣው ደስታቸውን ለመግለጽ ከከፈቱት ውስኪ ነው። ድንጋዩ እንደ ብረት ስለነበር አጥንቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ለማጽዳት ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። በ2019 የወጣ ጥናት ክብደቱን ወደ 8,800 ኪሎ ገምቶ እስካሁን ከተገኙት ቲራኖሳውረስ ሬክሶች ሁሉ ከባዱ ነው አለ። ሙዚየሙ በኮረብታው ጎን ተጠልሎ ሸለቆውን ቁልቁል ያያል፤ ቦታው ውብ ነው።

የምለው ይህ ነው፦ የስኮቲ ሙሉ ቁመና ሬጃይና ባለው የሳስካችዋን ሙዚየምም ቆሟል። ያለ መንዳት፣ በአንድ ከሰዓት። እንግዲህ ለዳይኖሰሩ ብቻ ከሬጃይና አራት ሰዓት መንዳት ለእኔ አይዋጥልኝም። ወደ ሳይፕረስ ሂልስ የምታልፉ ከሆነ ግን ግቡ። እነዚያ ኮረብታዎች ፕሬይሪው ላይ ከፍተኛው ቦታ ናቸው፤ ወደ 1,400 ሜትር ይደርሳሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን ለልጆቼ ስነግራቸው ያን ቀን አያታቸውን በአዲስ ዓይን አዩዋት።

መንገድ፣ ምግብ፣ ወቅት

አውቶቡስ አትፈልጉ። የክፍለ ሀገሩ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት በ2017 ተዘግቷል፤ መኪና የሌለው ሰው ከሰው ጋር ተዳብሎ ነው የሚሄደው። ዋትረስ ብቻ ቪያ የሚባለው የካናዳ የመንገደኞች ባቡር ይቆምበታል፤ እሱም በሳምንት ጥቂት ቀን ነው።

መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው፦ አስፋልት፣ ጠጠር (ግሪድ ይሉታል) እና ዝም ብሎ አፈር። ጂፒኤስ በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም። ከግራቨልበርግ ስንመለስ «አሥር ደቂቃ ይቆጥባል» ብሎ አፈሩ ላይ አስገባኝ፤ ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ሦስት መቶ ሜትር እንኳ ሳንሄድ መኪናው ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ጎማው በጭቃ ተለብጦ እንደ ድስት ክብ ሆነ። እዚህ ጋምቦ ይሉታል። እናቴ ወርዳ በእግሯ ረገጥ አድርጋ «ይሄማ ዋልካ ነው! ዋልካ ላይ በክረምት ማን ይነዳል?» ብላ ተቆጣችኝ። ጨፌ ዶንሳ ዋልካ ነው፤ የምታውቀው አፈር ነው።

አንድ ስልሳዎቹን ያለፈ ገበሬ በትራክተር መጥቶ ጎተተን። ገንዘብ ብሰጠው እጁን አወዛወዘ። እናቴ ከመኪናው ድፎ ዳቦ አወጣች፤ እሱን ተቀበለ። ማሳው ምስር ነበር፤ ለአጨዳ የደረሰ። ሰው ማሳ ውስጥ ዝም ብሎ አይገባም፤ ከ2022 ጀምሮ በሳስካችዋን ሕግ የባለቤቱን ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት ግድ ነው፤ በጫማ የሚዛመት የሰብል በሽታም አለ። ስለዚህ አስፈቀድኩ፤ «ግቡ» አለ። እናቴ አንድ ዘለላ ቀጠፈች፣ በመዳፏ አሽታ እፍ አለችና ፍሬዎቹን በጥርሷ ሞከረች። «ይህን ሁሉ ማን ያርመዋል?» አለችኝ። ተረጎምኩላት፤ እሱም ወደ መርጫ ማሽኑ ጠቆመ። «ጎረቤትህስ?» ሲባል ወደ አድማሱ፣ ጣሪያው ወደ ገባ አንድ ቤት ጠቆመ። ዘጠኝ ሺህ ኤከር ገደማ ከልጁና ከአንድ ቅጥረኛ ጋር ነው የሚያርሱት። እኔ ደግሞ ምስሩን እንዴት እንደሚበሉት ጠየቅኩት። ሳቀ። ሃያ ዓመት ሲዘራ አንድም ቀን በልቶት አያውቅም። ይህን ለእናቴ መተርጎም ከብዶኝ «አይወደውም» ብዬ አለፍኩት።

ለነገሩ ምስር እዚህ የቆየ አይደለም። የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ሌርድ የሚባለውን ዝርያ ያወጣው በ1978 ነው፤ ዛሬ ካናዳ የዓለም ትልቋ ምስር ላኪ ናት። ምስሩን ለማየት ነሐሴ ነው ጊዜው። ለካኖላ ቢጫ ግን ሐምሌ መጀመሪያ፤ ሜዳው አደይ አበባ የለበሰ ይመስላል። ግንቦት የዘር ወቅት ነው፤ ሃያ ሜትር የሚሰፋ መዝሪያ ማየት የፈለገ ያኔ ይሂድ፣ ገበሬው ግን ለወሬ ጊዜ የለውም። ከጥቅምት በኋላ የትኛውንም አልመክርም፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ መኪና መበላሸት ቀልድ አይደለም።

ምግብ፦ በየትንሹ ከተማ አንድ የቻይና ሬስቶራንት አይጠፋም፤ ብዙዎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ለጾመኛ ግን ከድንች ጥብስ ሌላ ተስፋ የለም። እንጀራና ሽሮ በማቀዝቀዣ ሣጥን ያዙ። ጾም ካልሆነና በመኸር ከሄዳችሁ፣ በየማኅበረሰቡ አዳራሽ ፎል ሰፐር የሚባል የተርኪ እራት ይደረጋል። ሰንበቴን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ ሁሉም ድስቱን ይዞ ይመጣል፣ ሽማግሌ ቀድሞ ይነሣል፣ እንግዳ ሳይበላ አይወጣም። ከአራቱም ከተማ መስህብ ይልቅ ይህን ብታገኙ ይሻላል እላለሁ።

መኖር ላሰበ

«ቤቱ ርካሽ ነው አሉ፣ እዚያ ብንገባስ?» የሚለኝ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት አይጠፋም። ቤቱ በእርግጥ ከሬጃይና ይረክሳል። ከአራቱ መኖሪያ ይሆናል የምለው ግራቨልበርግን ነው፤ ሆስፒታልና በሁለት ቋንቋ የሚያስተምሩ ት/ቤቶች አሉት። ቀጥሎ ዋትረስ፣ በማዕድኑ ሥራ ምክንያት። ኢስትኤንድና ቫል ማሪ በጡረታ ለሚኖር ወይም ከቤት ለሚሠራ ሰው ናቸው። የጤናው ነገር ግን በየቦታው አጣርቶ መግባት ነው፤ በብዙ ትንንሽ ከተሞች ሠራተኛ ሲጠፋ የድንገተኛ ክፍሉ ለጊዜው ይዘጋል። የሚገርመው ደግሞ፣ መላው ካናዳ የሚኮራበት የሕክምና ሽፋን የበቀለው ከዚሁ ገጠር ነው። አር ኤሞች በ1910ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ሐኪም መቅጠር ጀመሩ። በ1946 የስዊፍት ከረንት አካባቢ ለነዋሪው ሁሉ አዳረሰው፤ በ1962 ደግሞ ክፍለ ሀገሩ በሙሉ ተከተለ።

ብቸኝነቱን ሳትመዝኑ አትግቡ። መንገድ ላይ የሚያልፋችሁ ሁሉ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ከፍ አድርጎ ሰላም ይላችኋል፤ ቡና ግን ማንም ጠርቶ አያጠጣችሁም። ቤተ ክርስቲያን ለመሳም፣ ልጅን አማርኛ ለማስተማር፣ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ሰዓት መንዳት ነው። ለአንዳንዱ ይህ ችግር አይደለም።

እናቴ ከዚያ ማሳ አንድ እፍኝ ምስር በመሐረብ ቋጥራ ይዛ ነበር፤ ገበሬው ሰጥቷት ነው። «ጨፌ ወስጄ እዘራዋለሁ» አለች። ዘር ያለ የጤና ምስክር ወረቀት ከአገር አገር እንደማይሻገር ነገርኳት፤ ተናደደች። ከመሄዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ንፍሮ ቀቀለችውና ለልጆቹ አከፋፈለችው። ትንሿ «ጨው የለውም» ብላ ተወችው፤ ትልቁ የእሷንም ጨምሮ በላ።